ቅኝቱ ሠላሳ ስድስት

ዝናቡ ሲያባራ ከሱቄ በር ቆመ፣
ብስክሌቱን ይዞ፣ ፊቱ የደከመ።
"አለቀልኝ" አለ፣ ባትሪውን ነቅሎ
እንደ ታመመች ድመት በኮቱ ጠቅልሎ።

"ከቶልሚን ስነሳ አራት መብራት ነበር፤
ድልድዩን ሳልሻገር አንድ ብቻ ሲቀር፣
የቀረውን መንገድ እኔው ነኝ ሞተር።"

ቦጎሚር ይባላል። ፒያኖ ነው የሚቃኝ፣
በሶቻ ሸለቆ ቤት ለቤት የሚገኝ፣
ሹካና ቁልፉን ከኋላው ላይ ጭኖ፣
ስድሳ ሰባት ዓመት ጆሮ ብቻ ሆኖ።

ሦስት አወጣሁለት። አንዱ የድሮው መንታ፣
አስራ አንድ አምፔር-ሰዓት፣ ለሚመለስ ማታ።
ሁለተኛው አስራ አራት፤ በዚያው ጎድጓድ ገብቶ
ቀጭ ይላል በቁልፉ፣ ልክ ቦታውን አግኝቶ።
ሦስተኛው አስራ ሰባት፤ የአራስ ልጅ ያህል ይከብዳል፤
ፍሬሙ አይቀበለው፣ ከኋላ ይታሰራል፣
የመሣሪያውን ሣጥን ቦታ ይቀማል።

እሱ ደግሞ አራተኛ ከከረጢት ሳበ፣
ስም የለው፣ ምልክት የለው፣ በቴፕ የተሸበበ።
"ጎረቤቴ ሰጠኝ። አርባ ስምንት ቮልት፤
ይፈጥናል ይለኛል። አንቺስ? ንገሪኝ በእውነት።"
ጆሮው ጋ አስጠግቶ በጣቱ ቆረቆረው።
"ባትሪ ድምፅ ካሰማ" አልሁት፣ "መሸሽ ነው።"

"ስማኝማ፣ ቦጎሚር። በራስህ ሙያ ልንገርህ፦
ቮልት ማለት ቅኝት ነው። በሠላሳ ስድስት ነው ሞተርህ
የተቃኘው ሲወለድ። ከዚያ ከወጠርኸው ይበጠሳል፤
መቆጣጠሪያው ይጨሳል፣ ሱሪህ ፕላስቲክ ይሸታል።
አምፔር-ሰዓት ሌላ ነው፤ እሱ የግጥሙ ርዝመት።
ቅኝቱን አትንካበት፤ ጨምርለት አንድ ቤት፣
ሁለት ቤት፣
ከቻልህ ሦስት ቤት።"

ሳቀ።
ከዚያ ዝም አለ፣ የኮቱን ቁልፍ እያዞረ።

"አንድ ቤት አለ" አለኝ፣ "ከመንገዱ ጫፍ ላይ፣
ከጸሎት ቤቱ ኩርባ ወዲያ፣ የደመና ጎረቤት መሳይ።
የቲልካ ነው። ፒያኖዋ አስራ አንድ ዓመት አልተቃኘም።
በየፋሲካው ትደውላለች፤ እኔ፣ ባትሪው አያደርሰኝም፣
እላታለሁ።"

ወረቀት አወጣሁ። ሃያ ሁለት ኪሎሜትር፣
ሰባት መቶ ሜትር ዳገት፣ ነፋሱም ሲጨመር፤
ጥር ላይ ደግሞ ብርዱ ሩቡን ይሰርቃል።
"አስራ አራቱ ይበቃል።"
"ለመመለስስ?"
"መመለሻው ቁልቁለት ነው፤ ፍሬን ብቻ ይጠይቃል።"
"ለመመለስስ?" አለኝ ደግሞ፣
ሌላ ነገር እንደሚጠይቅ።

አስራ አራቱን ወሰደ። ዋጋ አልተከራከረም።
ቻርጀሩ ያው ይሆናል? ያው ነው። ተሰክቶ አይደርም?
አይደር፤ ሰማንያ ሲሞላ ንቀለው፣ ዕድሜው እንዲረዝም።
ገፍቼ አስገባሁት፤ ቀጭ አለ።
"ላ ነው" አለኝ፣ "ትንሽ ዝቅ ያለ።"
ኮርቻው ላይ ወጣ፣ ወደ ድልድዩ ሳይሆን
በላይኛው መንገድ ታጠፈ። የኋላ መብራቱን
እስክታጣው አየሁ።

ማታ ሱቅ ስዘጋ፣ አሮጌውን አነሳሁት፤
ከመጣል በፊት ልማዴ ነው፣ ሞልቼ መለኪያ ላይ ሰካሁት፤
ሌሊቱን በሙሉ ቀስ ብሎ ሲፈስ አደረ።
ጠዋት ቁጥሩን አየሁ፦ ዘጠኝ ነጥብ ስምንት ነበረ።

ዘጠኝ ነጥብ ስምንት፣ ከአስራ አንድ።
ወረቀቴን ከቅርጫት አውጥቼ ደግሜ አሰላሁ፣
ነፋሱን ጨመርሁ፣ ሣጥኑን፣ የእሱን ክብደት ገመትሁ፤
በበጋ ቀን፣ ይሄ እንደ ድመት የታቀፈው
ከቲልካ ደጅ ያደርሰው ነበር፣ አጥሩንም አልፎ።

ታዲያ ድልድዩ ላይ ያለቀው ምንድን ነው?

ሦስት መቶ ዘጠና ዩሮ መሳቢያዬ ውስጥ አለ።
ልደውልለት ስልኩን አንስቼ መልሼ አስቀመጥሁ።
በተለጣፊ ወረቀት ላይ "ያለቀ" ብዬ ጻፍሁ፣
ቀኑን ጨመርሁበት፣
ለጠፍሁበት።